ከተያዙት ውስጥ ስንቱ ተከትቧል?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ያለችው ፕሮቪንስታውን የተባለች የባሕር ዳር ከተማ በእረፍተኞች ተጨናንቃ ነበር። ከዚያ ግርግር ጋር በተያያዘ ከግዛቲቱ ነዋሪዎች 469ኙ ላይ ኮቪድ ተገኘ። 346ቱ ክትባታቸውን የጨረሱ ነበሩ፤ ከአራቱ ሦስቱ ማለት ነው። «ታዲያ መከተቡ ምን ፈየደ?» ያለው ሰው ብዙ ነው።

በስሌት እንየው። 1000 ሰው ካለበት መንደር 900ው ተከትቧል እንበል። ካልተከተቡት 100 ሰዎች 30ዎቹ ቢያዙና ክትባቱ ይህን ወደ 10 በመቶ ቢያወርደው፣ ከተከተቡት 90 ሰው ይያዛል። ከ120 ሕሙማን 90ው፣ አሁንም ከአራቱ ሦስቱ፣ የተከተቡ ሆኑ! ክትባቱ ግን የመያዝ ዕድልን በሦስት እጅ ቀንሷል። መጠየቅ ያለበት ከተከተቡት ስንቱ ተያዘ፣ ካልተከተቡትስ ስንቱ የሚለው ነው።

ይህ ሲባል ቫይረሱ አልተለወጠም ማለት አይደለም። ከፕሮቪንስታውን ከተመረመሩት ናሙናዎች 90 በመቶ ያህሉ ዴልታ የተባለው ዝርያ ነበር። ቫይረስ ሲራባ ዘረመሉን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል። አብዛኛው ስሕተት ለቫይረሱ አይጠቅመውም። አንዳንዱ ግን ወደ ሴላችን የሚገባበትን ፕሮቲን ይለውጣል። ክትባቱ ሰውነታችንን ያስተዋወቀው ከዚሁ ፕሮቲን ጋር ስለሆነ፣ መልኩ ሲቀየር ፀረ እንግዳ አካላት እንደ ቀድሞው አጥብቀው አይዙትም። ዴልታ በዚህ ላይ ከቀደሙት ዝርያዎች ይልቅ በፍጥነት ይተላለፍ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ብቅ ያለው ኦሚክሮን ደግሞ በዚህ ፕሮቲን ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጦች ነበሩት።

ጊዜም የራሱ ድርሻ አለው። ከክትባቱ ወራት ባለፉ ቁጥር ፀረ እንግዳ አካላት ስለሚቀንሱ ቫይረሱ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ፋታ ያገኛል። በሽታውን የሚያስታውሱ ሴሎች ግን አልጠፉምና ነቅተው ይደርሱበታል፤ ብዙው ሰው ጉንፋን መሰል ሕመም ታሞ የሚድነው ለዚህ ነው። በፕሮቪንስታውኑ ወረርሽኝ ሆስፒታል የገቡት 5 ሰዎች ሲሆኑ፣ አራቱ የተከተቡ ነበሩ። የሞተ አልነበረም።

የተከተበ ሰው ከተያዘ ለሌላው ማስተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ሳልና ትኩሳት ከጀመረዎት፣ ቢከተቡም እንኳ፣ አረጋዊ ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ጋ ከመሄድዎ በፊት ይመርመሩ። እናትና አባትዎም የማጠናከሪያ ክትባት ጊዜያቸው ደርሶ እንደሆነ ጤና ባለሙያ ይጠይቁላቸው።