ያውቁ ኖሯል? ሚሊዮን ዶላር የተባለላት የባሕር ልጃገረድ

ወሬው የእስራኤል ነው፤ በሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ከሃይፋ አለፍ ብሎ የሆነ ነው። በነሐሴ 2009 እ.ኤ.አ. ቂርያት ያም ላይ ግማሽ ሰው ግማሽ ዓሣ የሆነች ፍጡር ጀንበር ስትጠልቅ ታየች ተባለ። ማዘጋጃ ቤቱም ማስረጃ ላመጣ 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ አለ። ካሜራ ያለው ሁሉ አሸዋው ላይ ተኮለኮለ፤ ገንዘቡን ግን የወሰደ የለም።

እንዲህ ያለ ፍጡር የሚፈለግበት መሣሪያ በተለወጠ ቁጥር የሚፈለገው ነገርም ይለወጣል። የጥንት ተሳቢ እንስሳ ይኖርበታል በሚባለው በስኮትላንዱ ሎክ ነስ ሐይቅ፣ ካሜራ በነገሠበት በ1934 ሰው የፈለገው ከውኃ ብቅ ያለ አንገት ነበር። ፎቶውም ተገኘ፤ ኋላ ሲጣራ ግን በአሻንጉሊት ሰርጓጅ መርከብ ላይ የተተከለ ቅርጽ ሆነ። በ1987 ደግሞ 24 ጀልባዎች ተሰልፈው ሐይቁን በድምፅ ሞገድ አሰሱ፤ ያኔ የሚታደነው በስክሪን ላይ የሚታይ ነጥብ ነበር። በ2018 ግን እንስሳውን ማየትም ቀረ፦ ተመራማሪዎች ውኃ በጠርሙስ ቀድተው በውስጡ የተንሳፈፈውን ዲ ኤን ኤ መረመሩ። የጥንት ተሳቢ እንስሳ ምልክት አልነበረም። ሞልቶ የተገኘው እባብ የሚመስል ዓሣ ዲ ኤን ኤ ነው።