ለሕመምተኛ ገበያተኛ የሚከፈት በር

የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው ወደ ገበያ ሲወጣ ከዕቃው ዋጋ ይልቅ የመጸዳጃው ነገር ያሳስበዋል፤ ሕመሙ ሲነሣ ጥቂት ደቂቃ እንኳ አይታገሥምና።

በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ ግዛት፥ ክሮንስ በሚባል የአንጀት በሽታ የምትሠቃይ አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ በአንድ መደብር ውስጥ ሳለች ሕመሟ ቢነሣባት፥ የሠራተኞቹን መጸዳጃ ለምና ተከለከለች፤ በሰው ፊትም ለኀፍረት ተዳረገች። ኋላ ከእናትዋ ጋራ ለሕዝብ እንደራሴ አመልክታ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2005 ዓመት ሕግ ወጣ።

በዚህም ሕግ፥ ሦስት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሠራተኞች በሥራ ላይ ያሉበት ሱቅ፥ በቅርብ የሕዝብ መጸዳጃ ከሌለ፥ እንዲህ ላለው ሕመምተኛ የሠራተኞቹን ይፈቅዳል፤ እንቢ ቢል እስከ 100 ዶላር ይቀጣል። ብቻውን የሚሸጥ ባለሱቅ አይገደድም፤ ዕቃውን ትቶ በር ሊያሳይ እንዴት ይችላል? መቀጮው ግን ለትልቅ መደብር እጅግ ያነሰ ይመስለናል።