የኑክሌር ኃይል ደኅንነት፦ የመሣሪያ ወይስ የአደረጃጀት ጥያቄ?

የምርት ኃይሎች ባደጉ ቁጥር የሰው ልጅ በተፈጥሮ ላይ ያለው ሥልጣን እንደሚሰፋ የታወቀ ነው። በዚያው ልክ አንድ የሥራ ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳትም ይሰፋል። በበሬ የሚያርስ ገበሬ ቢሳሳት አንድ ትልም ይጣመማል፤ በባቡር ሥራ ላይ ስሕተት ቢፈጸም በመቶ የሚቆጠር ሕይወት ይጠፋል፤ በኑክሌር ኃይል ማመንጫ ውስጥ ሲሆን ደግሞ የአንድ ከተማ ሕዝብ በሙሉ ቤቱን ጥሎ ይሰደዳል። ስለሆነም የሥራ ደኅንነት ጉዳይ ለጥቂት መሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም።

አገራችን ለሰላማዊ አገልግሎት የሚውል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የመገንባት ዓላማ እንዳላት ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በተመረቀበት በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተገልጿል፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር ሞስኮ ላይ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈርሟል። ስለ እንዲህ ያለ ሥራ ሲነገር ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ፣ «ማሽኑ አስተማማኝ ነው ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ጎደሎ ነው። ሙሉው ጥያቄ፣ «ማሽኑን የሚይዘው ሰው እንዴት ተደራጅቷል? አደጋ ያየ ሠራተኛ ቢናገርስ ማን ይሰማዋል?» የሚለው ነው። ይህንንም የዓለም ተሞክሮ በግልጽ ያስረዳል።

በመጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት በስሪ ማይል አይላንድ ማመንጫ አንድ ቫልቭ ከተከፈተ በኋላ ሳይዘጋ ቀረ። በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ የነበረው መብራት ያመለክት የነበረው ግን «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን አልነበረም። ተረኞቹ ውሃው በዝቷል ብለው የአደጋ ጊዜውን የማቀዝቀዣ ውሃ ቀነሱ፤ የሪአክተሩ እምብርትም በከፊል ቀለጠ። ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል አስቀድሞ በኦሃዮ ግዛት በዴቪስ ቤሲ ማመንጫ ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ያለጉዳት አልፎ ነበር። ትምህርቱ ግን በወረቀት ላይ ቀረ፤ ሊያውቁት ከሚገባቸው ሠራተኞች ዘንድ አልደረሰም።

እንግዲህ ትእዛዝ ተላለፈ ማለት ሥራው ተሠራ ማለት አይደለም። «መመሪያው ለሁሉም ተበትኗል» ብሎ ወንበሩ ላይ የሚዝናና የቢሮ ኃላፊ ሁሉ ያንን የሚያታልል መብራት በጠረጴዛው ላይ አኑሯል ማለት ነው።

የቼርኖቢል አደጋ ትምህርት ከዚህም የጠለቀ ነው። በሚያዝያ 17 ቀን 1978 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው ሙከራ፣ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ስላለ ይቆይ የሚል ጥያቄ ከኪየቭ በመምጣቱ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ተራዘመ። በመሆኑም ሙከራው በበቂ ባልተዘጋጁበት የሌሊት ተረኞች እጅ ወደቀ። የሪአክተሩ ኃይል ከታቀደው እጅግ ዝቅ ብሎ ሳለ ሥራው ቀጠለ። ሚያዝያ 18 ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ ተረኞቹ የማቆሚያውን ቁልፍ ቢጫኑ፣ የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ከሥራቸው የግራፋይት ክፍል ስለነበራቸው ወደ ውስጥ ሲወርዱ በመጀመሪያ ኃይሉን ከፍ አደረጉት። ሪአክተሩ ፈነዳ። ወደ 50 ሺህ የሚጠጋው የፕሪፕያት ከተማ ሕዝብም ከመኖሪያው ተፈናቀለ።

ይህ የዘንጎቹ ጉድለት ከሁለት ዓመት በላይ አስቀድሞ በሊቱዌንያ በኢግናሊና ማመንጫ ታይቶ ነበር። በሠራተኛው ስም በሚተዳደር አገር ሠራተኛው ስለያዘው ማሽን እውነቱን ተነፍጎ ነበር። ከአደጋው በኋላም መጀመሪያ ለዓለም የቀረበው ማብራሪያ ጥፋቱን በአብዛኛው በተረኞቹ ላይ የጫነ ነበር። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አማካሪ ቡድን ከስድስት ዓመት በኋላ ጉዳዩን እንደገና ሲመረምር ግን የሪአክተሩን ዲዛይንና የመላውን ሥርዓት የደኅንነት ባህል ጉድለት በግንባር ቀደምትነት አስቀመጠ። ተረኞቹ አልተሳሳቱም ማለት አይደለም፤ ስሕተታቸው ግን ሌሎች አስቀድመው ባዘጋጁት ጉድጓድ ውስጥ የተፈጸመ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ መስሎ መታየት የለበትም። የምዕራብ ሐረርጌ ሕዝብ ኑክሌር ባያይም ባቡር አይቷል፤ ለአሰበ ተፈሪ፣ ለዛሬዋ ጭሮ፣ ቅርብ የሆነው የባቡር ጣቢያ የሚኤሶ ነው። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ባቡር የሚኤሶን መሥመር አልፎ አዋሽ አጠገብ በድልድይ ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል ወደቀ። ከ400 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ እጅግ የከፋው ይህ ነው። ምክንያቱ ተብሎ የተነገረው ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን አለመቀነሱ ነበር። ነገር ግን አንድ ነጂ ቢሳሳት ወይም ቢደክም ፍጥነቱን የሚገታው ሁለተኛው መከላከያ ምን ነበር? ከነጂው በስተኋላ የቆመውስ ቁጥጥር የት ነበር? «ነጂው ነው» በሚል መልስ የሚዘጋ ፋይል ኩርባውን ለሚቀጥለው ነጂ እንዳለ ያስረክበዋል።

ዛሬም ቢሆን ከገለምሶ፣ ከበዴሳና ከሂርና የሚነሣው ጫት ጫኝ መኪና በፍጥነት ሲበር «ሹፌሩ ደፋር ነው» ይባላል። ቅጠሉ በጠወለገ ቁጥር ዋጋው እንደሚወድቅ፣ ሰዓቱን የቆረጠው ሹፌሩ ሳይሆን ገበያው መሆኑ አይነሣም። ሹፌሩ በሕግ ይጠየቅ፤ ግን ሰዓቱን የቆረጠውም አብሮ ይጠየቅ።

በዚሁ በሚኤሶ መሥመር ሌላም ትምህርት አለ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከሰበታ እስከ ሚኤሶ በአንድ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ በሌላ የቻይና ኩባንያ የተገነባ ነው። ሥራውን የማንቀሳቀስ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን ሠራተኞች የተላለፈው በ2016 ዓ.ም. ነው። ይኸውም መሣሪያ በገንዘብ ሊገዛ ቢችልም የሥራ ብቃት ግን በዓመታት ልምድ የሚገነባ መሆኑን ያሳያል። ባቡር ይህን ያህል ዓመት ከጠየቀ ሪአክተር ምን ያህል እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም።

በጎ አርአያም አለ። ጃፓንን መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. የመታው የባሕር ማዕበል የፉኩሺማን ማመንጫ አወደመ። የፉኩሺማው ኩባንያ ከ15 ሜትር በላይ የሚደርስ ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል የሚያሳይ ስሌት ከሦስት ዓመት ገደማ አስቀድሞ በእጁ ነበረው፤ ነገር ግን በጊዜው አልሠራበትም። የአገሪቱ ምክር ቤት የሰየመው መርማሪ ኮሚሽንም አደጋውን «ሰው ሠራሽ» ብሎታል። ለመሬት መንቀጥቀጡ መነሻ ይበልጥ ቅርብ የነበረው የኦናጋዋ ማመንጫ ግን ዳነ። ሲገነባ ያኖሱኬ ሂራይ የተባሉ መሐንዲስ ቦታው ከፍ እንዲል አጥብቀው በመከራከራቸው በ14.8 ሜትር ከፍታ ላይ ተሠርቶ ነበርና። ልዩነቱ የማሽን አልነበረም። በአንዱ ዘንድ ማስጠንቀቂያ ተሰማ፤ በሌላው ዘንድ ተቀበረ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መደምደሚያ ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ተቆጣጣሪው አካል ከሚገነባውና ከሚያስተዳድረው አካል ነፃ መሆን አለበት፤ ራሱን በራሱ የሚቆጣጠር ራሱን ያታልላል። ሁለተኛ፣ ሂስ ከላይ ወደታች ብቻ የሚወርድ ሳይሆን ከታች ወደላይም የሚወጣ መሆን አለበት፤ ጉድለት የጠቆመ ሠራተኛ ሊመሰገን እንጂ ሊባረር አይገባም። ሦስተኛ፣ የአንዱ ሥራ ቦታ ትምህርት ወደ ሌላው ሥራ ቦታ እስኪደርስ ድረስ እንደ ተማረ አይቆጠር።

ይህ ባህል ሪአክተር በሚተከልበት ቀን ከውጭ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። በጭሮ ወፍጮ ቤት ሽፋን የሌለው ቀበቶ ሲታይ፣ በቀበሌው የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተንጠልጥሎ ሲገኝ፣ በመናኸሪያ ፍሬኑ የላላ አውቶቡስ ተሳፋሪ ሲጭን «አይመለከተኝም» ባለማለት ይጀምራል። አቤቱታው ለማን እንደሚቀርብ፣ መልሱም መቼ እንደሚሰጥ በየማኅበሩና በየሥራ ቦታው ይወሰን። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ምክር ለሻይ ቤት ምድጃም ለሪአክተር እምብርትም እኩል ይሠራል።