የሕንፃን ኃይልና ካርቦን ስለሚያሰሉ የኮምፒውተር መሣሪያዎች፤ ምሳሌው ከጉለሌ

በጉለሌ የጭቃው ቤት እየፈረሰ በምትኩ የብሎኬትና የአርማታ ሕንፃ እየተተካ መሄዱ ለማናችንም የተሰወረ አይደለም። እንዲህ ያለው ሕንፃ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈጅና ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር እንደሚያስወጣ፣ ገና በወረቀት ላይ ሳለ የሚያሰሉ ሶፍትዌሮች ዛሬ አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚሠሩና ውጤታቸው በአገራችን መቼ እንደሚታመን በአጭሩ መግለጽ ነው።

ለምሳሌ ያህል ሁለቱን እንጥቀስ። አንደኛው ኢነርጂፕላስ የተባለው ነው፤ ይኸውም የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ያሠራው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የወጣና ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። የሕንፃውን ግድግዳ፣ ጣራ፣ መስኮትና የነዋሪውን ብዛት ተቀብሎ፣ በዓመቱ 8,760 ሰዓቶች ውስጥ የሚገባውንና የሚወጣውን ሙቀት ያመዛዝናል። ሁለተኛው የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ያዘጋጀው ኤጅ ነው። ይህኛው ቀለል ያለ ሲሆን፣ ሕንፃው በአካባቢው ከተለመደው አሠራር ይልቅ በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ ቢያንስ 20 በመቶ መቆጠቡን ይመረምራል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያውቀው የሰጡትን ቁጥር ብቻ ነውና፣ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

አንደኛው የአየሩ ጠባይ ነው። አዲስ አበባ ተብሎ የሚሰጠው የአየር መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ልኬት ነው። ቦሌ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ በእንጦጦ ግርጌ ያለው የጉለሌ ክፍል ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ይወጣል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ የ300 ሜትር ልዩነት 2 ዲግሪ ያህል ነው። እንግዲህ በቦሌ መዝገብ የተስማማው ክፍል በሽሮ ሜዳ አቀበት ሌሊቱን ሊያስበርድ ይችላል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪኩ ምንጭ ነው። በድንጋይ ከሰል የሚመነጭ 1 ኪሎዋት ሰዓት 1 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። የእኛ መብራት ግን አብዛኛው ከውሃ ግድብ የሚመጣ ስለሆነ፣ በ25 ግራም ገደማ ሊታሰብ ይችላል።

ሦስተኛው የግንባታው ዕቃ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ በማቃጠል ሲሆን፣ 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ከራሱ ከድንጋዩ ብቻ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የምድጃው ነዳጅ ሳይቆጠር ማለት ነው።

ነገሩን በስሌት እንየው። አንድ ቤት 40 ሜትር ኩብ አርማታ ፈጀ፣ በያንዳንዱ ሜትር ኩብም 350 ኪሎ ሲሚንቶ ገባ እንበል። በኪሎ ሲሚንቶ 0.85 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብንይዝ 12,000 ኪሎ ያህል ይሆናል። ቤቱ በዓመት 2,000 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም፣ በከሰል መብራት ይህን ያህል ለማስወጣት 6 ዓመት ይበቃዋል፤ በውሃ መብራት ግን 240 ዓመት ያስፈልገዋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የውጭ አገርን ቁጥር ሳይለውጥ የተቀበለ ተማሪ ገንዘቡን መብራት በመቆጠብ ላይ እንዲያውል ሲመከር፣ ዋናው ካርቦን ግን በወለሉና በምሰሶው ውስጥ ተቀብሮ እንደሚቀር ነው። ምሰሶዎችን አቀራርቦ ወለሉን ማሳሳት፣ የማያስፈልገውን አርማታ መተው፣ ድንጋይና ጭቃ በሚበቁበት ቦታ በእነርሱ መሥራት ይበልጥ ይጠቅማል። የብርዱም ነገር ቢሆን በፀሐይ አቅጣጫና በጣራ ኮርኒስ ብዙ ይቀንሳል።

በከሰልና በማገዶ የሚያበስል ቤተ ሰብ ያለ እንደሆነ ደግሞ ጢሱ ለብቻ መቆጠር አለበት፤ የውጭ አገር ሰንጠረዥ ምጣድንም ሆነ የከሰል ምድጃን አያውቅምና።

ስለዚህ በኮሌጃችን የሚቀርብ የዚህ ዓይነት ጥናት ሁሉ ከውጤቱ ጎን የአየር መዝገቡን፣ የመብራቱን ቁጥርና የሲሚንቶውን መጠን ለይቶ እንዲያሳይ ሐሳብ እናቀርባለን። እነዚህ ሦስቱ ከተጻፉ ሌላው ተማሪ ስሌቱን ደግሞ ሊመረምረው፣ ስሕተትም ቢገኝ ሊያርመው ይችላል።