ኦቲዝም ያለበትን ሰው ማን ይቀጥረዋል?

ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ የሒሳብ ጥያቄ ሲቀርብለት፥ ሌሎቹ ደብተራቸውን ሳይገልጡ መልሱን ጽፎ ይጨርሳል። ነገር ግን «እንደምን አደርህ?» ሲሉት ወደ ግድግዳው ይመለከታል፤ ደወል በተደወለ ቍጥርም ጆሮውን በሁለት እጁ ይይዛል። ሐኪሞች ኦቲዝም እንዳለበት ለእናቱ ነግረዋቸዋል። በወላጆች ቀን እኒህ እናት ወደ እኔ ቀርበው፥ «መምህር፥ ይህ ልጅ ትምህርቱን ቢጨርስስ ማን ይቀጥረዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። በዚያን ጊዜ የምመልሰው አጣሁ።

ኦቲዝም የሚጋባ በሽታ ወይም የርግማን ውጤት አይደለም። አእምሮ ከልጅነት ጀምሮ ድምፅን፥ ብርሃንን፥ የሰውንም ንግግር በተለየ መንገድ መቀበሉ ነው። መልኩም ብዙ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ረዳት የሚያስፈልገው አለ፥ ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቅም አለ። ሁሉም የቍጥር ሊቅ ነው የሚባለው ወሬ ግን እውነት አይደለም።

ለእናቲቱ በኋላ የነገርኋቸው የአንድ ዴንማርካዊ አባት ታሪክ ነው። ቶርኪል ሶኔ በአንድ የቴሌፎን ኩባንያ ይሠራ ነበር። ልጁ ገና በሦስት ዓመቱ ኦቲዝም እንዳለበት ታወቀ። ከፍ ካለ በኋላ ልጁ አንድ ቀን ብዙ ሣጥኖችና ቍጥሮች በወረቀት ላይ ሣለ። አባትየው ምንነቱን ፈልጎ ቢደርስበት፥ የአውሮጳ የመንገድ ካርታ መጽሐፍ ማውጫ ኖሯል፤ ልጁ ገጹን በቃሉ ይዞት ነበር! ሶኔ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. «ስፔሻሊስተርነ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ትርጓሜውም «ባለሙያዎቹ» ማለት ነው። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ኦቲዝም ያለባቸው ሲሆኑ፥ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን እየመረመሩ ስሕተት ይፈልጋሉ። ድርጅቱ እጩዎቹን በቃለ መጠይቅ ብቻ አልመዘነም፤ ሌጎ የሚባለውን መገጣጠሚያ ሰጥቶ ሮቦት ሠርተው እንዲያንቀሳቅሱት በማድረግ ችሎታቸውን ተመለከተ እንጂ።

በእውነቱ ብዙውን ሰው ከደጅ የሚመልሰው ቃለ መጠይቁ ነው። በእኛ አገር ልጅ በታላቁ ፊት ዓይኑን ቢሰብር ጨዋ ይባላል። ያው ልጅ አድጎ ሥራ ሲጠይቅ ግን፥ «ዓይኔን አላየኝም፥ የሚደብቀው ነገር አለ» ይሉታል።

ከተቀጠረም በኋላ የሚያስፈልገው ብዙ ወጪ አይደለም። አለቃው «እስቲ ዓይንህን ጣል አድርግበት» ቢለው ግራ ይጋባ ይሆናል፤ «ይህን ደብዳቤ አንብብና ስሕተቱን እስከ 9 ሰዓት አርም» ብሎ በወረቀት ቢጽፍለት ግን ሥራው ይሠራል። ጠረጴዛው ከበርና ከቴሌፎን ራቅ ይበል፤ የሥራው ሰዓት የሚለወጥ ከሆነም አስቀድሞ ይነገረው። ሲቸግረው የሚጠይቀው አንድ የታወቀ ባልደረባም ይኑረው።

በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ስላሏቸው፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ጆይ የኦቲዝም ማእከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ፤ በ2021 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜም ስለዚሁ ነገር ተናግረዋል። በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 568 ደግሞ የአእምሮ ጉዳትንም ጨምሮ፥ አሠሪው የሥራውን ቦታ ለሠራተኛው እንዲያመቻች ያዛል። አዋጁን ያነበበ ቀጣሪ ስንት እንደሆነ እንጃ።

ተማሪዬ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ያገለግላል። ኃላፊዋ የቀኑን ሥራ በቍራጭ ወረቀት ይጽፉለታል፤ እርሱም የተዛነፉትን መጻሕፍት በየቍጥራቸው ይመልሳል። ትናንት «ነገም ይላኩልኝ» አሉኝ። ደወሉን ግን እስካሁን አላስለወጥንም።