የክሪኬት ኳስ አየር ላይ ለምን ትታጠፋለች?

ዱባይ ወይም ሻርጃ ሠርተው የተመለሱ ዘመዶች ያሉን ተማሪዎች ስለ ክሪኬት ሳንሰማ አልቀረንም። የፓኪስታንና የህንድ ሠራተኞች በዕረፍት ቀናቸው ባዶ ሜዳ ላይ ተሰባስበው የሚጫወቱት ነው። ሕጉ ረጅም ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። ለዛሬ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው፦ ወርዋሪው የለቀቃት ኳስ መሬት ሳትነካ፣ ገና አየር ላይ እያለች ወደ ጎን ትታጠፋለች። ይህን ስዊንግ ይሉታል።

ኳሷ 160 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ውስጧ ቡሽና ክር፣ ላይዋ ቆዳ ሲሆን ወገቧን የሚዞር ጎላ ያለ ስፌት አላት። ወርዋሪው ስፌቱን ትንሽ ወደ ጎን አዙሮ ይለቃታል። በስፌቱ ወገን የሚያልፈው አየር ይደናቀፍና ይረበሻል፤ በፍሉይድ ሜካኒክስ ክፍል ተርቡለንት የምንለው ማለት ነው። የተረበሸ አየር ደግሞ፣ መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ቢልም፣ ከኳሷ ቶሎ አይላቀቅም። በለስላሳው ወገን ያለው ግን ሳይረበሽ ይፈስና ቀድሞ ይላቀቃል። በሁለቱ ጎኖች መካከል የግፊት ልዩነት ስለሚፈጠር ኳሷ ስፌቱ ወደሚያመለክትበት ትገፋለች። ተጫዋቾች አንዱን ጎን ሱሪያቸው ላይ ሲያሹ የሚውሉት፣ ሌላውን እንዲሻክር የሚተዉት ለዚህ ነው። በምራቅ ማሸት በኮሮና ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. ተከልክሎ በ2022 ክልከላው ቋሚ ሆኗል፤ ላብ ይፈቀዳል።

ታዲያ ቀለሙ ምን አገባው? አየር ቀለም አይለይም። ልዩነቱ ቀለሙ በሚገባበት መንገድ ነው። የቀዩ ኳስ ቆዳ ማቅለሚያውን ይጠጣል፣ ሰምም ስላለው በታሸ ቁጥር ያበራል። ነጩ ግን እንደ ግድግዳ ከላይ ይለበጣል። አዲስ ሳለ ልሙጥ ስለሆነ በደንብ ይታጠፋል ይላሉ ተጫዋቾች፤ ልባሱ ሲጎዳ ግን በማሸት አይመለስም። ሮዙ የመጣው በመብራት ለሚደረግ የአምስት ቀን ጨዋታ ነው፤ በዓለም አቀፍ የአምስት ቀን ጨዋታ መጀመሪያ የታየውም በ2015 አደላይድ ላይ ነበር። ማታ እንዲታይ ተጨማሪ ልባስ ስለሚደረግለት አንጸባራቂነቱ ይቆያል።

ኳሷ ስታረጅና በጣም ስትፈጥን ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ስፌቱ ጋ ሳይደርስ በሁለቱም ወገን ይረበሻል፤ ያኔ ስፌቱ በራሱ ወገን ያለውን አየር ቀድሞ እንዲላቀቅ ያደርገዋል፣ ኳሷም ወደ ተቃራኒው ትታጠፋለች። ሪቨርስ ስዊንግ ይህ ነው። በ1992 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የፓኪስታኑ ዋሲም አክራም ሁለት የእንግሊዝ መቺዎችን በተከታታይ ኳሶች ያስወጣው በዚሁ ጥበብ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ግን የእንግሊዝ ጋዜጦች እሱንና ዋቃር ዩኒስን ኳስ በማበላሸት ከሰሷቸው። በ2005 የእንግሊዝ ወርዋሪዎች አውስትራሊያን በሪቨርስ ስዊንግ ሲያሸንፉ ግን ጥበብ ተባለ። እኛ ይህን ሚዛን ትክክል ነው አንልም። ማጭበርበር የለም ማለታችንም አይደለም፤ በ2018 ኬፕታውን ላይ አውስትራሊያውያን ኳሷን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍጉ ካሜራ ይዟቸው አምበላቸው ለአንድ ዓመት ታግዷል። ፊዚክሱን የማያውቅ ሰው ግን ሌባውንና ባለሙያውን መለየት ይቸግረዋል።

መሞከር የምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች የክሪኬት ኳስ አትፈልጉ። የካራቺ ልጆች መንገድ ላይ የሚጫወቱት በናስትሮ በተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ ነው። ግማሹን ብቻ በናስትሮ ልሙጥ አድርጋችሁ ሸፍኑ፣ መለያውን መስመር ወደ ፊት አቁማችሁ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ወርውሩ፤ ከዚያ ናስትሮውን ወደ ሌላው ጎን አዙራችሁ ድገሙት።