ስብ ለመቀነስ የአሚኖ አሲድ ዱቄት መግዛት ያስፈልጋል ወይ?



ሰሞኑን አንዲት እህታችን ከናይሮቢ ያስመጣችውን አንድ ቆርቆሮ ዱቄት ይዛ ወደ እኛ መጣች። ገንዘቡን የላከላት ውጭ አገር ያለ ወንድሟ ነው። «አሚኖ ነው፣ ስብ ያቀልጣል ብለውኛል። እውነት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። አያቀልጥም። ሆኖም ለምን እንደሚሸጥ ማወቁ ይጠቅማል።

አሚኖ አሲድ ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ ማለት ነው። ሰውነታችን 20 ዓይነቱን ይጠቀማል። ከነዚህ 9ኙን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ሰው ምግብ ሲቀንስ ሰውነቱ የጎደለውን ጉልበት ከተጠራቀመው ስብ ያወጣል፤ ፕሮቲን ካነሰው ግን ጡንቻውንም አብሮ ያፈርሳል። ያን ጊዜ ኪሎው ይወርዳል፣ ሰውየው ግን ጀሪካን መሸከም ያቅተዋል። ዱቄቱ የሚሸጠው ይህን ይከላከላል ተብሎ ነው።

ችግሩ አብዛኛው ዱቄት ከ9ኙ 3ቱን፣ ማለትም ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን የሚባሉትን ብቻ የያዘ መሆኑ ነው። በሦስት ዓይነት ጡብ ብቻ ጡንቻ አይገነባም፤ የቀሩት 6ቱ የግድ ከምግብ መምጣት አለባቸው። ምግቡ ደግሞ ሦስቱንም ይዞ ይመጣል። 100 ግራም ጥሬ ምስር ውስጥ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ፤ ከዚያ 4 ግራም ያህሉ እነዚሁ 3ቱ ናቸው። በቆርቆሮው ዋጋ ስንት ኪሎ ምስር እንደሚገዛ እናንተው አስሉት።

በቆሎና ማሽላ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሳቸዋል፤ ምስር፣ አተርና ባቄላ ግን በብዛት አላቸው። ሁለቱ በአንድ ቀን ከተበሉ ይሟላሉ፣ በአንድ ሰሃን መቅረባቸው ግድ አይደለም። እንቁላል ለሚያገኝ፣ አንዱ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጠዋል።

ታዲያ የሚቀነሰው ምኑ ነው? ሽሮውን አትንኩት። ዘይቱን እዩት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል ነው። ሻይ በ4 ማንኪያ ስኳር በቀን 5 ጊዜ የሚጠጣ ሰው ከስኳሩ ብቻ 320 ካሎሪ ያህል ያገኛል (እኔም ከነዚህ አንዷ ነበርኩ)። ጡንቻው እንዳይሄድ ደግሞ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ከባድ ነገር ማንሳት ወይም ፑሽ አፕ መሥራት ይጠቅማል።

«ማቅጠኛ» እየተባሉ በሚሸጡ ዱቄቶችና ክኒኖች ግን ተጠንቀቁ። በአንዳንዶቹ ውስጥ ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት ሳይጻፍበት ተጨምሮ ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ በ2010 እ.ኤ.አ. በአውሮፓና በአሜሪካ ከገበያ ወጥቷል። ገዝታችሁ ከሆነ ዕቃውን እንዳለ ይዛችሁልን ኑ። ነፍሰ ጡሮች፣ የምታጠቡ እናቶች፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ምግብ ከመቀነሳችሁም ሆነ ዱቄት ከመጀመራችሁ በፊት አነጋግሩን።

ሳይፈልግ የሚከሳ፣ በተለይም ከ2 ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሳይውል ሳያድር መጥቶ ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር።